የጎራሹ ጉሮሮ

የይትባረክ ሥራ አፉን መክፈት ነው።

ጠዋት ጥርሱን ይቦርሻል፣ አውቶቡስ ይሳፈራል፣ አዳማ መሀል ካለው ጉርሻ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ ከተመደበለት ጠባብ ክፍል ይገባል። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ማይክራፎኗን ማንቁርቱ ላይ ይለጥፉለታል። ከዚያ አንድ ሰው ሠራሽ እጅ ከጣሪያ ይወርዳል። እጁ የሰው እጅ ቅርጽ አለው፤ ሙቀትም አለው፤ ጥፍር ብቻ የለውም። ደንበኞች ጥፍር ያስጠላናል ስላሉ ተነስቷል።

ከእጁ ማዶ ሁልጊዜ አንድ ሰው አለ፤ ከሆነ ፎቅ ላይ፣ ከሆነ ክፍል ውስጥ፣ ብቻውን ምሳ የሚበላ ሰው። ሰዉ ብቻውን መብላት ከጀመረ ትውልድ አልፏል። ሳያጎርስ መጥገብን ግን እስከ ዛሬ አልለመደም። ስለዚህ ጓንቱን ያጠልቃል፣ ትሪው ላይ ይቆርሳል፣ ያጠቅሳል፣ ይጠቀልላል፣ ወደ ባዶው አየር ይዘረጋል። ጉርሻ ቤት ያለው እጅም ከይትባረክ ፊት ካለው ተመሳሳይ ትሪ ላይ ያንኑ ይደግማል። ይትባረክ አፉን ይከፍታል፣ ያላምጣል፣ ይውጣል። የሚሸጠው መዋጡ ነው። ማይክራፎኗ የመዋጡን ድምፅ ካልያዘች ጉርሻው እንዳልተበላ ይቆጠራል፤ ደንበኛውም ቅር ይለዋል።

ይህን ሁሉ አላየሁትም። የሰማሁት ነው።

ስሜ ሶልያና ነው። ዚፕ እቀይራለሁ። ስንት ነገር በተለወጠበት ዘመን ዚፕ ዛሬም ይበላሻል። የስፌት ማሽኔ ከእናቴ የወረስኩት ነው፤ ሲነሳ ቤቱን ያንቀጠቅጠዋል፣ ጎረቤቶቼም ግድግዳ ይደበድባሉ። ከዚፑ ሌላ ሥራዬ መስማት ነው። ማኅበራችን መጠጥ ያቆሙ ሰዎችን በጆሮ ይይዛል፤ አንድ ሰው ለአንድ ሰው። ጆሮ የሆነ ሰው አይመክርም፣ አይገሥጽም፣ ከሚሰማው ሰው ጋርም በአካል አይገናኝም። «አይዞህ» ማለትም አይፈቀድም። ይሄኛው ደንብ የተጨመረው በቅርቡ ነው። ሊፍቱም፣ የአውቶቡሱ በርም፣ የመብራት ቆጣሪውም «አይዞህ» ማለት ከጀመሩ ወዲህ ቃሉ ሌላ ሰው አኝኮ እንደተፋው ማስቲካ ሆኗል። አንስቼ አፌ ውስጥ ላስገባው አልፈልግም።

ይትባረክ ሲደውል ማሽኑን አጠፋለሁ። ብዙውን ጊዜ የሚደውለው ጠዋት ከአውቶቡስ ነው።

«እትዬ፣ ሰውዬው መጣ።»

ሰውዬው የምንለው ጭንቀቱን ነው። ሐኪም የሰጠው ረጅም ስም ነበረው። በዚያ ስም በጠራው ቁጥር ግን ስለሚብስበት፣ ሰውዬው አልነው።

«ምን ይልሃል?»

«ልትሞት ነው ይለኛል።»

«ትናንትስ ምን ብሎህ ነበር?»

«ልትሞት ነው።»

«ሌላ ወሬ የለውም እንዴ?»

አንዳንድ ቀን ይስቃል። በማይስቅበት ቀን እግሩ ሥር ያለውን እንዲነግረኝ እጠይቀዋለሁ። የተረገጠ ሎሚ፣ የሴትዮዋ ዘንቢል፣ የወንበሩ ብረት፣ ጫማው። ጫማው ጋ ሲደርስ ትንፋሹ ረዘም ይላል። ኪሱ ውስጥ መቁጠሪያውን ሲያንከባልል ይሰማኛል። ምን ብሎ እንደሚጸልይ ጠይቄው አላውቅም፤ እሱ በእሱና በፈጣሪው መካከል ነው። እኔ የምመልስለት በትንፋሽ ነው። ሰው ሲያወራን እየሰማነው እንደሆነ ለመንገር አየር ወደ ውስጥ ስበን የምናሰማት አጭር ድምፅ አለች አይደል? እሷን ነው። ማሽኖቹ ሁሉን ነገር ሲችሉ እሷን አልቻሏትም። ሲሞክሯት እባብ ያየ ሰው ይመስላሉ።

ሰውዬው ሲመጣ መጀመሪያ የሚይዘው ጉሮሮውን ነው። ይትባረክ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰው እያየው መዋጥ አይችልም። ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ዘመድ ቤት፣ የጎረሰውን በጉንጩ ይዞ ተነስቶ ከአጥር ጀርባ ይተፋ ነበር። ሰው ኩሩ ነው አለው፤ ሌላው ቡዳ ይፈራል አለው። በኋላ አንድ ሠርግ ላይ የአክስቱ ልጅ አረቄ ቀዳለት። ጉሮሮው ተከፈተ።

«ያን ቀን የጠጣሁ አልመሰለኝም እትዬ» አለኝ አንዴ። «የበላሁ ነው የመሰለኝ። እንደ ሰው ከሰው ጋር የበላሁ።»

ከዚያ ወዲያ የሆነው የብዙዎች ታሪክ ስለሆነ አላወራውም። ሥራው ሄደ፣ ግማሽ ጥርሱ ሄደ፣ ከቦይ ተነስቶ ማገገሚያ ገባ። መጠጡን ተወ። ሲተወው ጉሮሮው ተመልሶ ተዘጋ።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ነው ጎራሽ ያደረጉት። ማገገሚያው ሥራ የሌለውን ሰው አያስተኛም፤ ጉርሻ ቤቱ ደግሞ ከማገገሚያው ሰው መውሰድ ይወዳል። የማይጠጡ ሰዎች በሰዓቱ ይገባሉ፤ አፋቸውም አይሸትም።

በመጀመሪያው ሳምንት ይባረራል ብለን ጠብቀን ነበር። እጁ ሲመጣ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፣ የጎረሰውን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው ያዞራል፣ ጉሮሮው ይንቃቃል፣ ጸጥ ይላል፣ በመጨረሻ ላብ በላብ ሆኖ ይውጣል። ማይክራፎኗ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ታደርሳለች። ደንበኞች አበዱለት። «ሌሎቹ እንደ ቧንቧ ነው የሚውጡት፤ ይሄ ልጅ ግን ከልቡ ነው» አሉ። ወረፋ ተያዘበት። ድምፁን የሚቀዱም መጡ። ይትባረክ ሲታነቅ እየሰሙ እንቅልፍ የሚወስዳቸው ሰዎች አሉ። ፀጉር ቤት ገብቼ ሰምቼዋለሁ። ጎረቤቴም ሕፃኗን የምታስተኛው በእሱ ነው፤ ግድግዳውን አልፎ ይመጣል። ለወራት የማውቀው የሰው ትንፋሽ፣ እግዜር ይማረን፣ እሹሩሩ ሆኖ ሲመጣ ማሽኔን አስነሳለሁ።

የጉርሻ ቤቱ ኃላፊ ናሆም የሚባል ቀልደኛ ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት ማይክራፎኗን ሲለጥፍለት ትከሻውን መታ አድርጎ፣ «ይቱ፣ አደራ፣ እንዳትድንብኝ!» ይለዋል።

ቀልድ ብቻ አልነበረም። ከገና በኋላ ይትባረክ ሻል ብሎት ነበር። እግሩ ሥር ያለውን መቁጠር ለመደ፤ አንዳንዱን ጉርሻ ሳይታገል ይውጥ ጀመር። ወዲያው ወረፋው ሳሳ። ናሆም ጠርቶ፣ «ምን ሆነሃል? ደነዘዝክ። ሰዉ ቧንቧ ሆነ እያለ ነው» አለው። ይትባረክ ይህን በነገረኝ ዕለት ሰውዬው ቀኑን ሙሉ አልተለየውም። ወረፋው ተመለሰ።

ያን ጊዜ ሁሉ ያልተለየው አንድ ደንበኛ ጋሽ ኢዮስያስ ናቸው። ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ልጅ የሌላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ እዚያው አዳማ፣ ከጉርሻ ቤቱ ብዙም ከማይርቅ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ምሳ ሲደርስ እጁን የሚያወርዱት እሳቸው ናቸው። ድምፃቸው ለስላሳ ነው። አይቸኩሉም፤ እንጀራውን ሲጠቀልሉ ወጥ እንዳይንጠባጠብ ዙሪያውን ጠረግ ጠረግ ያደርጉታል። «አሃ በል ልጄ» ይላሉ።

አንድ ቀን፣ «ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትርደው?» ብለው ጠየቁት። ጎራሽ ስለ ራሱ አይናገርም፤ ይትባረክም ያውቃል። ግን ሽማግሌ ናቸው፤ በቁም ነገር ጠይቀውታል። ነገራቸው። ሰው እያየው መዋጥ እንደማይችል፣ በፊት አረቄ ይከፍትለት እንደነበር፣ አሁን እንደተወው፣ ሁሉንም።

«ለትልቅ ሰው መዋሸት ከበደኝ እትዬ» አለኝ ማታውን።

ትንፋሼን ሳብኩለት።

ጾሙ ገባ። ሽሮና ጎመን ሲውጥ የከረመው ጉሮሮ ለፋሲካ ሥጋ ተደገሰለት። ለጉርሻ ቤት ከዓመት ዓመት እንደ ፋሲካ ያለ ቀን የለም። የሁሉም ሰው ክፍል በዚያ ቀን ይጠባል፤ የሁሉም እጅ ሰው ይፈልጋል። ይትባረክ በጠዋት ሲደውል ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ሁለት ሰዓት ያህል ጋደም ብዬ መነሳቴ ነበር። ለራሴ የሠራኋት ትንሽ ዶሮ ወጥ ምድጃው ላይ ነበረች። ዓመት በዓል ነው ብዬ ሥራ አልነካም ነበር፤ አንድ ጎረምሳ ግን ለምሽት ሠርግ ነው ብሎ ለምኖኝ ሱሪው ማሽኑ ላይ ነበር።

«እንኳን አደረስዎት እትዬ። ዛሬ ጆሮዎን አይዝጉብኝ፤ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ስለምገባ ስልኩን ቀኑን ሙሉ ክፍት ያድርጉልኝ። ብቻዬን አልችለውም።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ክፍት ነው።»

ሱሪውን ትቼ ተቀመጥኩ።

ይትባረክ የጉርሻ ቤቱ መተላለፊያ ውስጥ ሲገባ ቅቤና በርበሬ አፍንጫውን ሰነፈጠው። ወለሉ ያዳልጣል። በየክፍሉ እጅ ይወርዳል፣ አፍ ይከፈታል። መተላለፊያው ጫፍ ላይ ማረፊያ የሚሉት ክፍል አለ፤ ጎራሾቹ የሚያርፉበት ሳይሆን የሚያስመልሱበት ነው። ለቀጣዩ ደንበኛ ቦታ ማስለቀቅ አለባቸው። በዓል ስለሆነ መዝሙር ተከፍቶበታል። ከመዝሙሩ ሥር አንድ ሰው ሲያስመልስ፣ ሌላው በር ላይ ቆሞ «ቶሎ በል እንጂ ወንድሜ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው» ሲል ሰማሁ። መዝሙሩ አላቋረጠም። እኔ ግን ተነስቼ ምድጃው ላይ ያለውን ድስት ከደንኩት።

እስከ ምሳ ድረስ ይትባረክ ታገለ። ክትፎ መጣ፣ ዱለት መጣ፣ ከማያውቃት ሴት ቀይ ወጥ መጣ፤ ሴትዮዋ አንድም ቃል ሳትናገር ስታለቅስ ቆይታ እጇን አነሳች። በየመሀሉ «እግርህ ሥር ምን አለ?» እለዋለሁ። «ቅባት» ይላል። «ሌላስ?» «ጫማዬ።»

ከዚያ ጋሽ ኢዮስያስ መጡ።

«እንኳን አደረሰህ ልጄ!»

«እንኳን አብሮ አደረሰን ጋሼ።»

«ዛሬ ብቻችንን አይደለንም፤ አንተ አለህ፣ እኔ አለሁ። አሃ በል።»

የመጀመሪያው ዶሮ ወጥ ነበር፤ ከእንቁላሉ ጋር። ብዙ ቆይቶ ዋጠው። ሁለተኛውም አለፈ። አንድ ጉርሻ ያጣላል የሚለው የድሮ ጨዋታ እዚያ ቤት ውል ሆኗል፤ ማንም ደንበኛ ከሦስት በታች አጉርሶ አይነሳም። ሦስተኛው ወደ ይትባረክ አፍ ተጠጋ። አፍንጫው አየር ሲስብ ሰማሁ፤ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ይሸታል።»

«ዳቦ ነው ልጄ። የበዓል ድፎ ዳቦ።»

«አረቄ ነው የሚሸተው።»

«ወጥ ቤቶቻችሁ ነክረውት ነው፤ እኔ ነኝ ያዘዝኩት። ለጉሮሮህ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም። ራስህ አይደለህም እንዴ የነገርከኝ?»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ትቻለሁ።»

«የተውከው መጠጥ ነው። ይሄ ይበላል።»

ይትባረክ ናሆምን ጠራው። ናሆም ሲገባ የሚያላምጠው ነገር ነበረው፤ እያላመጠ ነው የተናገረው።

«ማነው ያጠጣህ? ብርጭቆ አየህ? ለጎራሽ መጠጥ አይሰጥም ነው የሚለው ውሉ። ዳቦ መጠጥ ነው የሚል ካለ አምጣልኝ።»

«ማታ የማገገሚያው በር ትንፋሼን ይመረምራል እኮ። አልጋዬን እኮ ነው የማጣው።»

«በሩን አትፍራው፣ በበዓል ማን ይቆጣጠራል? ይልቅ ሽማግሌውን አታስቀይም። ስንት ሰው ደርቦ እየሰማህ እንደሆነ ታውቃለህ? ይቱ፣ ሙት ስልህ፣ እንዲህ ታግለህ አታውቅም፤ ቀጥል።»

በሩ ተዘጋ። ቀጥሎ ደወል የመሰለ ድምፅ መጣ። ደወሉን ከዚያ በፊት አንድ ሁለት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የ«በሞቴ» ቁልፍ ነው። ደንበኛው እሱን ከተጫነ ጎራሹ እምቢ ማለት አይችልም። ድሮ በየቤቱ ሽማግሌ ሁሉ በነፃ ይለው የነበረ ቃል አሁን ቁልፍ አለው። ጋሽ ኢዮስያስ ግን ቁልፉን መጫን አልበቃቸውም፤ በአፋቸውም አሉት።

«በሞቴ። በሞቴ ልጄ። ዓመት በዓል ነው። ከአንተ ሌላ ማን አለኝ?»

ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር፤ የምር ነው። ይህን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። በፍቅር ነው ያደረጉት፤ በዚያ ጣፋጭ ድምፃቸው፣ ዳቦውን ዙሪያውን ጠረግ ጠረግ አድርገው። እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚያቅለሸልሸኝ።

ይትባረክ አፉን ሲከፍት ሰማሁ።

አፍ ሲከፈት ድምፅ አለው፤ እርጥብ ነገር ከእርጥብ ነገር ሲላቀቅ። በኋላ እንደነገረኝ መክፈት ፈልጎ አልነበረም። የትልቅ ሰው እጅ ጉርሻ ይዞ ሲመጣ አፍ ባለቤቱን አይጠይቅም። ከማወቃችን በፊት ያስለመዱን ነገር ነው። ዳቦው ምላሱ ላይ ሲያርፍ ነው እሱም ያወቀው።

ከዚያ ጸጥ አለ።

ስንቱ ሰው ደርቦ ይሰማ እንደነበር አላውቅም። ጎረቤቴ ትሰማ ነበር፤ በግድግዳው በኩል ያው ጸጥታ ይመጣ ነበርና። የይትባረክ አፍንጫ ይተነፍሳል። ሌላ ምንም የለም። ዳቦው በጉንጩ ነው።

«ዋጥ» አሉ ጋሽ ኢዮስያስ። «ዋጥ ልጄ፤ ይከፍትልሃል።»

«ተፋው» ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ልጮህ ነበር። ከሱሪው ላይ የተንጠለጠለውን ክር አፌ ውስጥ አስገብቼ ነከስኩት። ደንቡን ፈርቼ ብቻ አይደለም። በሞቴ ብለው አስከፈቱት፤ እኔ ደግሞ ተፋው ብዬ ላዘው ነው? ያ አፍ እስከ መቼ ነው ሰው እያዘዘው የሚከፈተውና የሚዘጋው? በልቤ እግዚኦ ማረን እያልኩ ክሩን ነከስኩ። ከዚያ ያለችኝን አንዲት ነገር አደረግሁ። ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩ፤ እየሰማሁህ ነው እንደማለት።

እንደገና ሳብኩ።

የዚያን ሰዓት ምን እንደሆነ የነገረኝ በኋላ ነው። አረቄው ከዳቦው እየተጨመቀ በድዱ ገባ። የራሱ እጅ መንቀጥቀጡን አቆመ። ሽታው ብቻ አቆመው። ደረቱ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ተነሳ፤ ወገቡ ሞቀው፤ ናፍቆት የከረመ ዘመድ በር ላይ ቆሞ «ቤቶች» ያለው መሰለው። ሁለመናው «ዋጠው» አለ። አንድ ጉሮሮው ብቻ እምቢ አለ። እንደ ልማዱ ተቆለፈ።

«ሰውዬው በሩ ላይ ቆመ እትዬ» አለኝ። «ዕድሜ ልኬን እህል ሲከለክለኝ የኖረው ሰውዬ፣ አላሳልፍም ብሎ ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኔ ሲቆም አየሁት።»

የሰማሁት ግን ይህን ሁሉ አልነበረም። የሰማሁት አጭር ነው። በአፍንጫው ትንፋሹን ሳበ፤ አጭር፣ ወደ ውስጥ። እየሰማሁዎት ነው ማለት ነው።

ከዚያ ተፋው።

የተፋው ወለሉ ላይ አይደለም። እህል መሬት አይተፋም ብሎ መሰለኝ፤ እጁ መዳፉን ዘርግቶ ከፊቱ ይጠብቅ ነበርና እዚያ ላይ ተፋው። ማዶ ያሉት ሽማግሌ በጓንታቸው ውስጥ ሙቀቱን አገኙት።

«እጄ ላይ!» ብለው ጮኹ። «እጄ ላይ ተፋብኝ! የጎረሰውን እጄ ላይ!»

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። እርስዎን አይደለም የተፋሁት።»

«ውለታ ቢስ! አሳማ!» ከዚያ አለቀሱ። አዛውንት ሲያለቅሱ ድምፃቸው እንደ ሕፃን ነው። ይትባረክ ማይክራፎኗን ከአንገቱ ሲነቅል የቆዳውን ድምፅ ሰማሁ፤ ደንበኞቹ መጨረሻ ላይ የሰሙትም እሱን ነው።

አፉን ማረፊያ ክፍል ገብቶ ተጉመጠመጠ። ደግሞ ተጉመጠመጠ። ከዚያ በእግሩ ወደ ማገገሚያው ሄደ፤ እኔም በጆሮዬ አብሬው ሄድኩ። መንገዱ ባዶ ነበር፤ ሰው ሁሉ ቤቱን ዘግቶ ከሩቅ እያጎረሰ ነው። በሩ ጋ ሲደርስ እንደ ሁልጊዜው ተነፈሰበት።

«ቀይ በራ» አለኝ። «እትዬ፣ አልዋጥኩም እኮ። ሰምተዋል አይደል?»

«ሰምቻለሁ።»

በሩ ተናገረ፤ የሴት ድምፅ ነው፣ ሞቅ ያለ። «አይዞህ ይትባረክ። ዛሬ አንገባም። አይዞህ።»

«አንገባም» ነው ያለው፤ ራሱን ከእሱ ጋር ደምሮ። በር ደግሞ የት ሊገባ ነበር? ይትባረክ ደጋግሞ ተነፈሰበት። በሩ ደጋግሞ አይዞህ አለው። አንድም ጊዜ አልሰለቸው።

«ሰውዬው መጣ?» አልኩት።

«አልሄደም እኮ። አጠገቤ ቆሟል።»

«ምን ይላል?»

«ዛሬስ ምንም አላለም።»

ደንቡን የጣስኩት እዚያ ላይ ነው። ቤቴ የት እንደሆነ ነገርኩት። «ዶሮ ወጥ አለ። ና» አልኩት።

ሲመጣ ከድምፁ ያነሰ ሰው ነበር፤ ቀጭን፣ አንገቱ ላይ ማይክራፎኗ የተለጠፈችበት ቦታ ቀልቶ የተላጠ። በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ሲል ስልኩ ጮኸ። ናሆም ነበር። ድምፁ ክፍሉን ሞላው።

«ይቱ! የት ጠፋህ ወንድሜ? ተቆጥቼ መሰለህ? ሰዉ አብዷል እኮ! የመትፋትህን ድምፅ ከተማው ሁሉ ቀድቶታል። ታክሲ ውስጥ ሳይቀር እሱን ነው የሚያሰሙት። ስማኝ፣ ከነገ ጀምሮ መዋጥ የለም። ይነክሩልሃል፣ ትጎርሳለህ፣ ትታገላለህ፣ ትተፋለህ። መትፋት ብቻ! ለአንተም አይሻልም? አትውጠው፣ ማን ዋጥ አለህ? በሩንም እኔ አናግርልሃለሁ፣ ማታውኑ አልጋህ ትገባለህ።»

ከጎረቤቴ ግድግዳ ወዲያ፣ ልክ በዚያው ሰዓት፣ ይትባረክ ሲተፋ ተሰማ። ሕፃኗ ሳቀች። እንደገና ከፈቱላት።

ይትባረክ ግድግዳውን አየ። ከዚያ እኔን አየ። ፊቴ ላይ ምን እንዳየ አላውቅም፤ ምንም እንዳይነበብበት ተጠንቅቄ ነበር።

«አይ» አለ ለስልኩ።

«ምን አይ?»

«አልመጣም ናሆም። አፌን ዘግቻለሁ።»

ስልኩን አጠፋው። ነገ የት እንደሚያድር፣ ምን እንደሚሠራ አላወራንም። ዛሬ እዚህ ነው፤ የልብስ መስፊያው ክፍል ውስጥ ፍራሽ ይዘረጋል።

ውኃ አስታጠብኩት። ድስቱን ከፈትኩ፣ እንጀራ ላይ አወጣሁ፣ ማዕዱን ባረክን። ቁጭ ስንል እጄ ሳላዘው ቆረሰ፤ አጠቀሰ፤ ጠቀለለ፤ ዙሪያውን ጠረግ ጠረግ አደረገ። ወደ እሱ መዘርጋት ጀምሮ ነው ያየሁት። የራሴ እጅ ነው፤ ጥፍር ያለው።

ይትባረክ አፉን ሊከፍት ከንፈሩ ተላቅቆ ነበር።

እጄን አየር ላይ አቆምኩት። መለስኩት። የጠቀለልኩትን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩ።

«ራስህ ብላ» አልኩት። «ሲያምርህ። ካላመረህም ተወው።»

እንጀራውን ተመለከተ፣ ጉሮሮውን ዳሰሰ፣ ወደ በሩ ተመለከተ፤ ሰው እያየው መዋጥ የማይችል ሰው ነው። ሰው እየሰማውም አይችልም። እኔ ደግሞ ሥራዬ መስማት ነው።

ተነስቼ ጀርባዬን ሰጠሁት። ማሽኑ ጋ ተቀምጬ የጎረምሳውን ሱሪ አስተካከልኩና አስነሳሁት። ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ጎረቤቴ ግድግዳ ደበደበች። እኔ ከማሽኑ በቀር ምንም አልሰማም ነበር፤ ትንፋሹንም፣ ማላመጡንም፣ ያቺን ከተማው ሁሉ የሚሸምታትን ድምፅም።

ዚፑ ብዙም ሳይቆይ አለቀ። ማሽኑን ግን አላጠፋሁትም።